ዋስትናው መጋቢት አሥር ያበቃል

የካቲት 17፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡30

መብራት ሲጠፋ ሲመጣ አድሮ የኤሌክትሪክ መኪናዬ ባትሪ ስልሳ አንድ ፐርሰንት ላይ ቆሟል። ለፍ/ቤት ደርሶ መልስ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ አልጠየቅኩትም። የአባዬን ጫማ አሰርኩ። ቂጣና ሻይ ሰጠኋቸው። ልወጣ ስል ስልክ ጮኸ።

ባ/ዳር መኪናውን የገዛሁበት ድርጅት ነው። ሜሮን ነኝ አለች። “እናቴ” እያለች ነው የምትጠራኝ። አርባ ሰባት ዓመት እናት ያስብላል? ይሁን። የፋብሪካው ዋስትና መጋቢት 10 ያበቃል። ከዚያ በፊት ለሦስት ዓመት ተጨማሪ ዋስትና መግዛት እችላለሁ፤ ቀኑ ካለፈ ብለምንም አይሸጥልኝም። መኪናውም አስቀድሞ ባ/ዳር ሄዶ መታየት አለበት። ውሉን በቴሌግራም ልካልኛለች፤ አሥራ አራት ገጽ። ዋጋው የአራት ወር ደሞዜ። አስቤ እደውላለሁ አልኩ።

ምኑን እንደማስብ ግን አላውቅም፣ ማስታወሻዬ። የተበላሸ ነገር የለም። በከተማው ያለው የኤሌክትሪክ መኪና በጣት የሚቆጠር ነው፤ ሲያረጅ ምን እንደሚሆን ያየ ሰው የለም። ስለዚህ የሚጠየቅ ሰውም የለም።

የካቲት 18፣ ረቡዕ

እኔ የፍ/ቤት ሬጅስትራር ነኝ። የሰው ውል እየተቀበልኩ መዝገብ መክፈት ነው እንጀራዬ። ዛሬም አንድ አባት ከገጠር መጥተው የመሬት ኪራይ ውል አሳዩኝ። ሳያስነብቡ ነው ጣታቸውን ያኖሩበት። ምነው ቢያስነብቡ ኖሮ ብዬ ተቆጣኋቸው፤ አንገታቸውን ደፉ።

በምሳ ሰዓት በሬን ዘግቼ የራሴን ውል አወጣሁ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ጠፋሁ። “መደበኛ አጠቃቀም”፣ “ውጫዊ ተጽዕኖ”፣ “እንደ አግባቡ”። እንደ ማን አግባብ? ባትሪው ይሸፈናል ይላል ገጽ 4። ገጽ 6 ላይ ደግሞ የማይሸፈንበት ሁኔታ ተዘርዝሮ ግማሽ ገጽ ይዟል። ሰጥቶ መንሳት። ያን ሽማግሌ በከንቱ ነው የተቆጣኋቸው።

የካቲት 20፣ ዓርብ፣ ማታ 1 ሰዓት

ደሳለኝ ደወለ። ታናሽ ወንድሜ ነው፣ ባ/ዳር ባንክ ቤት ይሠራል። ግዢ አለኝ። ባትሪው ከሞተ የባትሪው ዋጋ የመኪናውን ያህላል፤ ያኔ እኔ ጋ እንዳታለቅሺ እትዬ፣ አለ። እየሳቀ ነው ያለው፤ ግን የምሩን ነው። ደግሞም ልክ ነው።

ከሥራ ስወጣ ሰዒድ ጋራዥ ጎራ ብዬ ነበር። አባዬ የጭነት መኪና ሹፌር በነበሩ ጊዜ መኪናቸውን የሚጠግነው ሰዒድ ነው፤ ያን ጊዜ ገና ጀማሪ መካኒክ ነበር፤ አሁን ጢሙ ነጥቷል። እኔ በዐቢይ ጾም፣ እሱ በረመዳን፤ ውሃ እንኳ ሳንገባበዝ ቆመን አወራን። አትግዢ አለኝ። “ሊሰበር ያለው ይሰበራል። ወረቀት ጎማ አይነፋም።” ገንዘቡን አስቀምጪው፣ ሲበላሽ ያው ገንዘቡ አለሽ፣ አለ። እሱም ልክ ነው።

ሁለት ልክ የሆኑ ሰዎች መሃል ቆሜ ምን ልሁን? አባዬን ጠየቅኩ። ሠላሳ ዓመት የጉናን ቁልቁለት በጭነት መኪና የወረዱ ሰው ምክር አያጡም ብዬ ነው። “በኛ ጊዜ ዋስትና ፍሬን ነበር” አሉና ሬዲዮናቸውን ከፍ አደረጉት።

የካቲት 21፣ ቅዳሜ፣ ማታ

ወንዛዬ ፍል ውሃ ደርሰን ተመለስን። መንገዱ ሰላም ነው ተብሎ ነበር፤ ሰላም ነበር።

ላንቺ በደንብ አልነገርኩሽም፣ ማስታወሻዬ። የአባዬ ጉልበት ከተያዘ ሦስት ዓመት ሆነው። ለመነሳት ግድግዳ ይይዛሉ። ጎንበስ ማለትማ ካቆሙ ዓመት አልፏል፤ ጫማቸውን የማስረው ለዚያ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሐሙሲት ላይ አንድ የሚኒባስ ረዳት ከነክራንቻቸው እንደ ጆንያ ጎትቶ አወረዳቸው። ሠላሳ ዓመት መሪ የጨበጡ ሰው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሚኒባስ እምቢ አሉ። የቁጠባዬን ሁሉ አውጥቼ፣ ቀሪውን ተበድሬ ይህን መኪና የገዛሁት ፍል ውሃው ድረስ ልወስዳቸው ነው። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ እኔም ዛሬ ነገ ስል፣ የጀመርነው ዘንድሮ ነው።

የወንዛዬ ደንብ ሰባት ቀን ሳያቋርጡ መታጠብ ነው። እኔ ሥራ አለኝ። አባዬ መላ አገኙ፤ ቅዳሜም ቀን ነው፣ ሰባት ቅዳሜ ይሁን አሉ። የውሃው ተራ አስከባሪ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የተቋረጠ ከአንድ ይጀመራል አሉ። ቅዳሜዎቹ መች ተቋረጡ ብለው አባዬ ተከራከሩ። ዛሬ ሦስተኛው ነው።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ባትሪው ይጨምራል፤ ዓለም በርን ስናልፍ ሦስት ፐርሰንት አተረፍን። አባዬ ይህን አይተው አይጠግቡም። ከሐሙሲት ተገንጥለን ጠጠር መንገዱ ውስጥ ስንገባ ግን ጆሯቸው መኪናው ሆድ ላይ ነው።

እቤት ገብቼ ገጽ 9ን ከፈትኩ። ከአስፋልት ውጪ በሚደረግ ጉዞ የሚደርስ ጉዳት በዋስትናው አይሸፈንም ይላል። ሁለቴ አነበብኩት። መኪናው የተገዛው እኮ ለዚያ ጠጠር ነው።

የካቲት 24፣ ማክሰኞ

ሜሮን ጋ ደወልኩ። ገጽ 9ን አነበብኩላት። አይጨነቁ እናቴ፣ ጉዳቱ በመንገዱ ምክንያት የመጣ ካልሆነ ይሸፈናል አለች። በመንገዱ መምጣት አለመምጣቱን ማን ይወስናል? የኛ ባለሙያ። ባለሙያችሁ እኔ የት እንደነዳሁ በምን ያውቃል? መኪናው ራሱ ይመዘግባል አለችኝ፣ በኩራት።

ይመዘግባል! እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው እመዘግባለሁ፣ እሱ ደግሞ የኔን።

ታዲያ ለኔ አይጠቅመኝም ማለት ነው? አልኳት። በጣም ይጠቅምዎታል፣ ከተማ ውስጥ ለሚፈጠር ሁሉ፣ አለች። ከተማ ውስጥ እኔ ምን አለኝ? ከቤት ፍ/ቤት፣ ከፍ/ቤት ገበያ። ግን ደግሞ ባትሪው ከተማ ውስጥስ ቢሞት? ሲሞት ቦታ ይመርጣል? ጠዋት አልገዛም ብዬ ነበር፤ አሁን እገዛለሁ። ይህን እየጻፍኩ ደግሞ አልገዛም።

የካቲት 28፣ ቅዳሜ፣ ማታ

ተናድጃለሁ፤ አፍሬያለሁም።

አራተኛው ቅዳሜ። መኪናውን እንደ ሁልጊዜው ዳገታማው ቦታ ላይ፣ አፍንጫውን ቁልቁል አድርጌ አቆምኩ። አባዬ ታጥበው ወጡ፤ ፊታቸው ወዝቷል። መኪናው ጋ ይጠብቁኝ ብዬ እርጥቡን ልብስ ልሰበስብ ተመለስኩ። ስመጣ ክራንቻቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ደስ ብሏቸዋል። ገባን። ነዳሁ። መኪናው ብድግ አለና ጓ! ከስሩ።

ወርጄ አየሁ። የሰው ጭንቅላት የሚያክል ድንጋይ። አባዬ ከፊት ጎማው ስር ታኮ አድርገውለት ኖሯል! ሹፌር ዳገት ላይ ሲያቆም ጎማ ስር ድንጋይ ይወትፋል፤ የጭነት መኪና ሰዎች ሁሉ እንዲያ ናቸው። ጎማው ዘሎት ሲያልፍ ሆዱን መታው። ባትሪው ያለው ደግሞ እዚያው ሆዱ ላይ ነው። የባትሪው መሸፈኛ ላሜራ መዳፍ የሚያህል ቦታ ጎድጉዷል።

ጮህኩባቸው፣ ማስታወሻዬ። ሰው እየሰማ። ይሄ የአንቱ የጭነት መኪና አይደለም፣ ማን አዘዘዎት፣ አልኩ። አባቴን። ባዶ መኪና ዳገት ላይ ያለ ታኮ አይተውም ብለው ጀመሩና ተዉት። ሐሙሲት፣ አስፋልቱ ላይ ስንደርስ “አጥፍቻለሁ” አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

መኪናው ምንም አልሆነም፤ ዳገቱን እንደ ወትሮው ወጣ።

የካቲት 29፣ እሑድ፣ መጻጉዕ

ቤተ ክርስቲያን አደረስኳቸው። ውሃ ዳር ተኝቶ የሚያወርደው ሰው ያጣው የዚያ በሽተኛ እሑድ ነው ዛሬ። ቅዳሴውን ቆሜ ሰማሁ፤ አልሰማሁም። አሳቤ ላሜራው ላይ ነበር።

ስንመለስ አባዬ በመስኮት እያዩ፣ እኔስ ሰው አለኝ አሉ። ለኔ ይሁን ለራሳቸው እንጃ።

የካቲት 30፣ ሰኞ

ሰዒድ መኪናውን በክሪክ አንስቶ ስሩ ገባ። ውስጡ ደህና ነው፣ የተመታው ቆርቆሮው ብቻ ነው አለ። አውልቄ ብቀጠቅጠውና ብቀባው እነሱም አያውቁትም። ግን አለና አሰበ። ግን ከድርጅቱ ሌላ ሰው ፈቶት ከተገኘ ዋስትናው ይፈርሳል ብለሽኛል። ቢቀጠቀጥ ጥፋት፣ ባይቀጠቀጥ ጥፋት።

እንዲህ ሲያስብ አይቼው አላውቅም። ከዚያ ሳቀና፣ እህቴ ይሄ መኪና አይደለም፣ ነገረ ፈጅ ነው አለኝ።

መጋቢት 1፣ ማክሰኞ

የምርመራ ቀጠሮ ተያዘልኝ፤ መጋቢት 8። ከመሄዴ በፊት የምሞላው ቅጽም መጣ። ጥያቄ 11፦ የተሽከርካሪው የታችኛው ክፍል ግጭት ደርሶበት ያውቃል? አዎ / አይደለም። አዎ ከሆነ ሁኔታው ይብራራ።

ደሳለኝን አማከርኩት። ወጥ ልሠራ ስለነበር ስልኩን ላውድ ላይ አድርጌዋለሁ። አይደለም በይና እለፊ አለ፣ ጭቃ ተቀብቶ ከሄደ ማን ያየዋል። የኔ ሥራ ሰው አስምሎ እውነቱን ማስመዝገብ ነው ደሴ አልኩት። ያ ፍ/ቤት ነው፣ ይሄ መኪና ነው አለ። ቀጥሎ ድምጹን ለወጠ። እውነቱን ለመናገር እትዬ፣ አባዬን እዚያ ጠጠር ላይ እያመላለስሽ ሦስት ዓመት አይቆይልሽም። እሳቸውም ቢሆኑ… አለና አልጨረሰውም።

ዞር ስል አባዬ ወንበራቸው ላይ ናቸው። የሰሙ አይመስሉም። እሳቸው ምን ሊሆኑ? ምን ሊል ነበር? እኔስ ለምን አላስጨረስኩትም?

መጋቢት 3፣ ሐሙስ

ሰምተዋል።

ቅዳሜ አልሄድም አሉ። ጉልበቴ ተሽሎታል፣ ይበቃል። አልተሻለዎትም አልኳቸው። አራቱ በቂ ነው አሉ። ሰባት እኮ ነው የሚባለው ስል፣ መጀመሪያውኑም በቅዳሜ አይሆንም ተብለን ነበር አሉ። ራሳቸው የተከራከሩበትን ነገር።

ወጥሬ ስይዛቸው እውነቱ ወጣ። “ላረጀ ጉልበት አዲስ መኪና አይሰበርም። ዋስትናሽን ግዢ፣ አስፋልት ላይ ንጂው። እኔን ለቀቅ።” ቁጣ የለበትም። እንዲያ ያለ ነገር በለሰለሰ አፍ ሲነገር ነው የሚከፋው። ማድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ሽንኩርት አልነበረም።

አሁን ምን ይባላል? የመኪናውን ሦስት ዓመት ስቆጥር የአባዬንም አብሬ እየቆጠርኩ ነበር እንዴ? ሦስት ዓመት ብሎ መክፈል ሦስት ዓመት ይኖራሉ ብሎ መፈረም ነው? አለመክፈልስ? ራሴን ያዞረኛል። ውል ነው ብዬ የጀመርኩት ነገር ውል መሆኑን ትቷል።

መጋቢት 5፣ ቅዳሜ

አልሄድንም። አምስተኛው ቅዳሜ ቀረ።

መኪናውን አጠብኩት። እንደዚህ ነጽቶ አያውቅም። አባዬ ግቢ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ሲያዩኝ ዋሉ። ለመነሳት ሲሉ ግድግዳው ራቃቸውና ጠሩኝ። ሦስት ጊዜ ጠሩኝ ዛሬ።

መጋቢት 7፣ ሰኞ፣ ማታ 2 ሰዓት

ነገ ምርመራው ነው። ቅጹን ልሞላ ተቀመጥኩ። ከአንድ እስከ አሥር በደቂቃ አለቀ። አሥራ አንድ ላይ ብዕሩን አስቀመጥኩ፣ አነሳሁ። ዋሽቼ ማደር አልችልበትም፣ አዎ አልኩ። ሁኔታው ይብራራ ይላል።

እንደ ሥራዬ አብራራሁ። ማን፣ የት፣ መቼ፣ እንዴት። የተሽከርካሪው ባለቤት አባት፣ ዕድሜ 79፣ ተሽከርካሪው በቆመበት አንድ ድንጋይ ከመሬት አንስተው፣ ከፊት ጎማው ስር፣ ቁጢጥ ብለው

እዚያ ላይ ቆምኩ።

ቁጢጥ ብለው? አባዬ? ጫማቸውን የማስርላቸው ሰውዬ? ያን ድንጋይ ቆመው በክራንች አላስገቡትም። ተንበርክከው ከሆነ ማን አነሳቸው? እኔ ስመጣ ቆመው ነበር። ሱሪያቸው ላይ አፈር አልነበረም፤ ያጠብኩት እኔ ነኝ።

ክፍላቸው ገባሁ። ያን ድንጋይ በምን አነሱት አልኩ። በእጄ ነዋ። እንዴት? ቁጢጥ ብዬ አሉና እሳቸውም ጉልበታቸውን አዩ። አላስተዋሉትም ነበር! የሠላሳ ዓመት ልማድ ይዟቸው ወረዱ፣ ተነሱ፣ አበቃ። እኔ የተጎዳ ላሜራ አየሁ፤ እሳቸው የልጃቸውን ቁጣ አዩ። የተፈታ ጉልበት ግን ያየ ሰው አልነበረም።

እስቲ አሁን አልኳቸው። አልጋውን ይዘው ሞከሩ። ግማሽ ላይ ተያዘ። ከዘጠኝ ቀን በፊት የወረደው ጉልበት ዛሬ ግማሽ ላይ ተያዘ። መኪናው እንዳይጎዳ ብለን ያስቀረናት አንዲት ቅዳሜ ናት ይህን ያደረገችው። ወይም ሌላ ነገር ይሆናል፣ ሐኪም አይደለሁም። እኔ ግን ቅዳሜዋ ናት ብያለሁ።

መጋቢት 8፣ ማክሰኞ

ባ/ዳር አልሄድኩም። ለሜሮን አልገዛም አልኳት። ነገም አለ እናቴ፣ ቀጠሮ ላዛውርልዎ አለች። አመሰገንኳት፤ ክፉ ልጅ አይደለችም። ደሳለኝ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ፈርቻለሁ። አልዋሽሽም። ከሐሙስ በኋላ ያ ባትሪ ቢሞት ማንም የለኝም። የከፈልኩበት ሁሉ ግቢ ውስጥ ቆሞ ዶሮ ይሰፍርበታል። ደሳለኝ ልክ ነበር ሊባል ይችላል። ሰዒድ እንኳ አልገዛሁም ስለው ደስ አላለውም፤ እኔ እኮ ዝም ብዬ ነው ያወራሁት አለ።

ማታ አባዬ ጋ ቁጭ ብለን ቆጠርን። ተቋርጧልና ከአንድ ነው የምንጀምረው፤ በዚህ እሳቸውም አልተከራከሩም። መጋቢት 12 አንድ፣ 19 ሁለት፣ 26 ሦስት። አራተኛው ሚያዝያ 3 ይውላል። ቅዳም ስዑር! አክፍለው ውለው የት ሊሄዱ? እንደገና ሊቋረጥ። ከፋሲካ በኋላ እንበል አሉ። ከፋሲካ በኋላ ክረምቱ ይቀርባል። ከፋሲካ በኋላ የሚለውን ነገር ሁለት ዓመት ብዬዋለሁ።

መጋቢት 9፣ ረቡዕ

ጠረጴዛዬ ላይ የሰው መዝገብ ተከምሮ፣ እኔ የራሴን ስመረምር ዋልኩ። ያልወሰድኩት የዓመት ፈቃድ አለኝ፤ የዘንድሮውም የአምናውም። ለምን እንደማስቀምጠው አላውቅም። ሰባት ቅዳሜ ብለው መላ ሲመቱ አባዬ ለራሳቸው አልነበረም። እኔ ሥራ አለኝ ስላልኩ ነው። መኪናውን ለአባዬ ገዛሁ ስል ኖሬ፣ የገዛሁት ከአባዬ ጋር ሰባት ቀን ላለመቀመጥ ይሆን? ይህን መጻፍ ያሳፍራል። ጻፍኩት።

መጋቢት 10፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ 11፡30

ዋስትናው ዛሬ አበቃ። ሜሮን የመጨረሻ መልእክት ላከች፤ አላነበብኩትም።

ፈቃድ ሞላሁ። አለቃዬ ሰባት ቀን ምን ልትሠሪ አለኝ። አባቴን ላሳጥብ አልኩ። ሌላ አልጠየቀኝም።

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት እንወርዳለን። ሰባት ቀን በተከታታይ፣ እዚያው እያደርን። ጠጠሩን አንዴ መሄድ፣ አንዴ መምጣት። ቤት የሚያከራዩ ሴትዮ አግኝቻለሁ። ለአባዬ ስነግራቸው መጀመሪያ ሥራሽስ አሉ። ቀጥሎ መኪናውስ አሉ። የሆነው ይሁን አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሲያለቅሱ አላይም ብዬ ወጣሁ፤ በር ላይ ቆምኩ እንጂ አልራቅሁም።

የምይዘው፦ ጋቢ ሁለት፣ ፎጣ፣ በሶ፣ የአባዬ ሬዲዮ፣ ቂጣ ለሁለት ቀን፣ አንቺ።

ግቢ ናቸው አሁን። በመስኮት አያቸዋለሁ። ከወንበሩ ሊነሱ ነው፤ ግድግዳው ሩቅ ነው፣ ክራንቻውን መሬት ጥለውታል። አልጠሩኝም። እኔም አልሄድም፣ ከዚሁ ልያቸው፤ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው፣ ወደ ፊት ዘንበል አሉ፣ አሁን…